በአንድ ወር ውስጥ ሁለቴ ተቆረጠብኝ፦ የኦንላይን ኮርስ ሰብስክሪፕሽን ዙሩ ከየት ነው የሚቆጠረው?

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ተናድጄ ስለሆነ የምጽፈው ቢረዝም ታገሱኝ። አንድ የኦንላይን ትምህርት ፕላትፎርም ላይ (ስሙ ይቅር) ወርሃዊ ሰብስክሪፕሽን ገባሁ፣ ማርች 1 ላይ፣ በዛው ቀን ከካርዴ ተቆረጠ፣ እሺ ይሄ ያለ ነው። ከዛ ማርች 31 ስልኬን ስከፍት ሌላ ክፍያ መቆረጡን የሚናገር የባንክ ሜሴጅ ቁጭ ብሏል። ያው ማርች፣ ያው ፕላን፣ ያው ዋጋ። ወርሃዊ ማለት በወር አንዴ አይደለም እንዴ? ለማንኛውም ማወቅ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፣ አንደኛ ዙሩ የሚቆጠረው ከወሩ መጀመሪያ ነው ወይስ እኔ ከገባሁበት ቀን፣ ሁለተኛ አሁን ካንስል ብል ወዲያው ይዘጋብኛል ወይስ የከፈልኩበት ጊዜ እስኪያልቅ መማር እችላለሁ። የምታውቁ ንገሩኝ።

ማስታወሻ፦ የውይይቱ ክር በጣም ስለረዘመ ዘግይታችሁ ለምትመጡ እንዲያመች መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አሳጥሬ ከታች አስቀምጫለሁ። ሰላምታ ብቻ የጻፉትን ዘልያለሁ፣ የተናቆሩትን ግን አልዘለልኩም፣ እነሱም ጋ ቁም ነገር ስላለ።

መልስ 1። መጀመሪያ የደረሰልኝ ሰው በጣም ትሁት ነው፣ አይዞህ ብሎ ነው የጀመረው። ሲስተሙ ተሳስቶ ሁለቴ ቆርጦብህ ነው የሚል ግምት አለው፣ ባንክ ደውዬ ካርዱን እንዳዘጋና ሪፈንድ (ገንዘቤ እንዲመለስልኝ) እንድጠይቅ መከረኝ። እሱም ላይ አንዴ እንዲህ ተቆርጦ ከጥቂት ቀን በኋላ ራሱ ተመልሶለታል። ብዙ ሰው ላይክ አደረገለት።

መልስ 2። ይቺኛዋ በትህትና ግን ፈርጠም ብላ አረመችው። ስህተት አይደለም አለች። ወርሃዊ የሚባለው ነገር ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ በካሌንደር ወር የሚሄድ ነው፣ በ5 ከገባህ በየወሩ በ5 ይቆርጣል። ሌላው በየ30 ቀኑ የሚሄድ ነው፣ ይሄኛው ወር የሚባል ነገር አያውቅም፣ ቀን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ማርች 1 ላይ 30 ቀን ስትጨምርበት ማርች 31 ይመጣል፣ ማርች ደግሞ 31 ቀን ስላለው ሁለቱም ክፍያ እዛው ወር ውስጥ ወደቀ፣ በቃ ይሄው ነው። በየ30 ቀኑ የሚቆረጥ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ጨምሮ በ365 ቀን ውስጥ 13 ጊዜ ሊከፍል ይችላል፣ በካሌንደር የሚከፍለው ግን 12 ጊዜ ነው። በሁለቱም ዓይነት ቆጠራው የሚነሳው ከገባህበት ቀን ነው እንጂ ከወሩ መጀመሪያ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄዬ እዚህ ጋ ተመለሰ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጣልቃ ልግባና፣ ይሄን ካነበብኩ በኋላ የፕላትፎርሙን የውል ገጽ ከፍቼ አየሁት፣ እውነትም በየ30 ቀኑ ይላል። የመክፈያው ቁልፍ ላይ ግን በትልቁ የተጻፈው ወርሃዊ ነው። አንዱን ነገር ቁልፉ ላይ ሌላውን ውሉ ውስጥ መጻፍ የደንበኛ ጥፋት አይመስለኝም፣ ማንም ምን ቢል።

መልስ 3። አንድ ልጅ ከመልስ 2 ተነስቶ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። ጃንዋሪ 31 የገባ ሰው በካሌንደር ወር የሚሄድ ፕላን ላይ ከሆነ ፌብሩዋሪ መቼ ነው የሚቆረጥበት? 31 የሚባል ቀን የለማ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ከባድ ጥያቄ ነው።

መልስ 4። የክፍያ ሲስተም ላይ የሚሠራ ሰው ነው የመለሰው፣ ከሁሉም የተጠቀምኩት በዚህ ነው። ብዙ ድርጅቶች እንደ ስትራይፕ ያለ ክፍያ የሚሰበስብላቸው ሲስተም ነው የሚጠቀሙት፣ እዛ ላይ የገባህበት ቀን እንደ መነሻ ይያዝና ቀኑ የሌለበት ወር ሲመጣ የወሩ መጨረሻ ላይ ይቆረጣል፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 28 ወይ 29፣ ከዛ ማርች ላይ ተመልሶ 31፣ ኤፕሪል ላይ 30። በደንብ ያልተጻፈ ሲስተም ግን ፌብሩዋሪ ላይ 28 ከገባ በኋላ እዛው 28 ላይ ተቸንክሮ ሊቀር ይችላል፣ እንደዛ ሲሆን ደንበኛው ሳያውቀው የክፍያ ቀኑ ቀደም ብሎበታል ማለት ነው። ቀጥሎ ስለ ሰዓት አነሳ። ብዙ ሲስተም የሚቆጥረው በዩ.ቲ.ሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ) ሰዓት ስለሆነ ያንተ ስልክ ላይ ያለው ቀንና ሰዓት እነሱ ጋ ካለው ጋር ላይገጥም ይችላል፣ በመጨረሻው ቀን ማታ ካንስል አደርጋለሁ ብሎ መጠበቅ ለዚህ ነው አደጋ ያለው። ወደ መልስ 1 ተመልሶም፣ ያ ሰው በጥቂት ቀን ራሱ ተመለሰልኝ ያለው ገንዘብ መጀመሪያውኑ ክፍያ ላይሆን ይችላል አለ፣ ካርዱ እንደሚሠራ ለማረጋገጥ ባንኩ ለጊዜው የሚይዘው ገንዘብ አለ፣ ስቴትመንት ላይ በሂደት ላይ ተብሎ ይታይና በኋላ ይጠፋል። የኔ ግን ሁለቱም ያለቀላቸው ክፍያዎች ናቸው። ካርድ ማዘጋቱንም አልወደደውም።

መልስ 5። አንዲት እህት የራሷን ነገረችን። የ7 ቀን ነፃ ሙከራ ገባች፣ ስልኳ ላይ የገባችበትን ቀን ሳትቆጥር ለ7ኛው ቀን አላርም ሞላች፣ በ7ኛው ቀን ከሥራ ወጥታ ካንስል ልታደርግ ስትገባ ጠዋት ላይ ተቆርጦ ቆየ። ያስቀመጠችው ኢሜይል ላይ ሙከራው የሚያልቅበት ሰዓት ጭምር ተጽፎ ነበር፣ የገባችበት ሰዓት ራሱ ነው፣ ጠዋት። ስለዚህ 7 ቀን ማለት ሰባት ጊዜ ሃያ አራት ሰዓት ነው እንጂ እስከ 7ኛው ቀን ማታ አይደለም። ሪፈንድ ጠይቃ እምቢ አሏት።

መልስ 6። በአይፎን በኩል የገባ ሰው ደግሞ የባሰ ቀድሞ መንቃት አለበት አለ አንዱ። አፕል ነፃ ሙከራው ከማለቁ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀደም ብላችሁ ካንስል አድርጉ ነው የሚለው፣ ስለዚህ የ7 ቀን ሙከራ አፕል ላይ በተግባር የ6 ቀን ነው። ኮርሴራ የሚባለው የኦንላይን ትምህርት ፕላትፎርምም ብዙዎቹን ስፔሻላይዜሽኖች (ተከታታይ ኮርሶች) በ7 ቀን ሙከራ ያስጀምራል፣ ካርድ አስገብተህ ነው የምትገባው፣ 7ቱ ቀን ሲያልቅ ማንም አይጠይቅህም፣ ይቆርጣል።

መልስ 7 ላይ ድምፁ ተቀየረ። አንድ ሰውዬ መጣና ይሄ ሁሉ ለቅሶ ካለማንበብ የመጣ ነው፣ ካርድ ቁጥር ለማስገባት የቸኮለ እጅ ውል ለማንበብ ለምን ሰነፈ ብሎ መልስ 5ን ክፉኛ ወረፋት። ውሉን ሳያነብ የፈረመ ሰው ይክፈል፣ ትምህርት ነው፣ የትምህርት ክፍያ እንበለው እያለ ተሳለቀ። አባባሉ ቢያስቅም አልተስማማሁበትም።

መልስ 8። ልጅቷም ዝም አላለችም። ኢሜይሉን አንብቤዋለሁ፣ ያላነበብከው አንተ ነህ የኔን መልስ የምትል ይዘት ያለው ነገር ጽፋ፣ ሰዓቱ የተነገራት ካርዱን ካስገባች በኋላ እንጂ በፊት እንዳልሆነ አስረዳች። ቀጥላ እሱ በሕይወቱ ስንት ውል አንብቦ እንደጨረሰ ጠየቀችው። መልስ አልሰጠም፣ ቢያንስ ለጊዜው።

መልስ 9። በመሃል ገብቶ ያበረደው አንድ ረጋ ያለ ሰው ነው፣ አጻጻፉ ጋሼ የሚባል ዓይነት። ሳይደርቅ በእርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ ነው አለ፣ እሱ ወርሃዊ ሰብስክሪፕሽን በገባ በዛው ሰዓት ነው ካንስል የሚለው። ካንስል ማለት የሚቀጥለው እንዳይታደስ ማድረግ ነው እንጂ የከፈሉበትን መተው አይደለም፣ ስለዚህ እስከ ዙሩ መጨረሻ ድረስ ቪዲዮውንም ፈተናውንም ይጠቀማል፣ መቀጠል ከፈለገ ያኔ አውቆ ይከፍላል። የኔ ሁለተኛ ጥያቄ መልስ ይሄው ነበር።

መልስ 10። ግን ተጠንቀቁ የምትል እርማት መጣች። ለተከፈለበት ወር የጋሼ ዘዴ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፣ ነፃ ሙከራ ላይ ግን አንዳንድ ቦታ ካንስል ባልክ ደቂቃ ይዘጋብሃል፣ ቀሪው ቀን ይቃጠላል። እንዴት ይለያል ለሚለው የሰጠችው መልስ ቀላል ነው፣ ካንስል የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት የሚመጣውን ገጽ እዩት፣ እስከዚህ ቀን መጠቀም ትችላላችሁ ብሎ ቀን ከጻፈ ይቆያል፣ ቀን ካልጻፈ ጠርጥሩ። ሌላው፣ ካንስል ካደረጋችሁ በኋላ ማረጋገጫ ኢሜይል ካልመጣ ካንስል ላይሆን ይችላል፣ ብዙ ሰው ለምን ትሄዳለህ፣ ቅናሽ እንስጥህ፣ እርግጠኛ ነህ የሚሉትን ገጾች ሳይጨርስ መሃል ላይ ይዘጋዋል። ይሄ ነገር እውነት ነው፣ የኔው ፕላትፎርም አራተኛው ገጽ ላይ ነው የመጨረሻው ቁልፍ ያለው፣ እሱም ፈዛዛ ግራጫ፣ አጠገቡ ያለው ልቆይ የሚለው ቁልፍ ደማቅ ሰማያዊ።

መልስ 11። አንዱ በየዋህነት አፑን ከስልኬ ላይ ካጠፋሁት አይበቃም ወይ ብሎ ጠየቀ። አጥፍቶት ወራት አልፎታል።

መልስ 12። መልሱ አጭርና መራራ ነበር፣ አይበቃም። ጎግል ፕሌይ ራሱ አፑን ማጥፋት ሰብስክሪፕሽኑን አያቋርጥም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ዋናው ነገር በየት በኩል ነው የከፈልከው የሚለው ነው፣ በጎግል ፕሌይ ከከፈልክ ፕሌይ ውስጥ ገብተህ፣ በአፕል ከሆነ የአይፎኑ ሴቲንግ ውስጥ ስምህን ተጭነህ ሰብስክሪፕሽን የሚለው ጋ፣ በዌብሳይቱ በቀጥታ ከሆነ ደግሞ አካውንትህ ውስጥ። በአንዱ የከፈልከውን በሌላው ስትፈልግ ብትውል አታገኘውም። የመልስ 11 ባለቤት ከአንድ ሰዓት በኋላ መጥቶ እንዳገኘውና እንደዘጋው ጻፈ፣ ስንት እንደተቆረጠበት ግን አልተናገረም፣ እኛም ይሉኝታ ይዞን አልጠየቅነውም።

መልስ 13። ሌላው የሞከረው ዘዴ ካርዱ ኤክስፓየር እስኪያደርግ መጠበቅ ነበር። አዲሱ ካርድ አዲስ ቁጥር ይዞ መጣ፣ እሱ ተገላገልኩ ብሎ ሲያበቃ ክፍያው አዲሱ ካርድ ላይ ተከትሎት መጣ። ባንኩ መረጃዬን ሸጠው ብሎ ተቆጥቷል።

መልስ 14። መልስ 4 ተመልሶ መጣና ማንም አልሸጠህም አለው። ቪዛም ማስተርካርድም የካርድ ቁጥር ሲቀየር ለነጋዴው አዲሱን የሚያስተላልፍ አገልግሎት አላቸው፣ ባንኩ ከተመዘገበ በራሱ ይሄዳል፣ ዓላማው ሰው ካርድ በቀየረ ቁጥር አገልግሎት እንዳይቋረጥበት ነው። ካርዱ ላይ ገንዘብ ከሌለስ ለሚለው፣ ሲስተሙ አንዴ ሞክሮ አይተውም፣ በተወሰነ ቀን ልዩነት ደጋግሞ ይሞክራል፣ በዛ መሃል አንዳንዱ እንድትማር ይፈቅድልሃል፣ አንዳንዱ ይዘጋብሃል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ከተዘጋብህ ከ10 ቀን በኋላ ገንዘብ ገብቶ ክፍያው ቢሳካ ዙሩ ብዙ ጊዜ ከዛ ቀን አይጀምርም፣ ድሮ በነበረው ቀን ነው የሚቀጥለው። ያልተማርክባቸውን 10 ቀናት ከፈልክባቸው ማለት ነው። ይሄን ሳነብ ራሴን ይዤ ቀረሁ።

መልስ 15 ስለ ዓመታዊ ነው። ዋጋው ገጽ ላይ በወር ይሄን ያህል ብቻ ብሎ በትልቁ ይጽፍና ከስር በደቃቁ በዓመት አንዴ የሚከፈል ይላል፣ ስትጫን የ12 ወሩ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። ሦስተኛ ዓይነትም አለ አለች፣ የዓመት ውል ሆኖ በየወሩ የሚከፈል፣ ይሄኛው ወርሃዊ ይመስላል ግን በ4ኛው ወር ልውጣ ካልክ ለቀሪው ጊዜ የሚጠየቅ ክፍያ ሊኖረው ይችላል። በጣም አደገኛው እሱ ነው ብላ ነው የደመደመችው፣ እኔም እስማማለሁ።

መልስ 16። ከዝቅተኛ ፕላን ወደ ከፍተኛ በዙሩ መሃል መቀየር ስለሚፈልግ ሰው አንዱ በቁጥር አስረዳ። ለ30 ቀን 30 ዶላር ከፍለህ በ15ኛው ቀን 60 ዶላር ወደሆነው ፕላን ብትሄድ፣ ካልተጠቀምክበት ጊዜ 15 ዶላር ይታሰብልሃል፣ ከአዲሱ ፕላን ደግሞ ለቀሪው 15 ቀን 30 ዶላር ይመጣል፣ ልዩነቱን 15 ዶላር ትከፍላለህ። አንዳንዱ ግን ዙሩን ከዛው ቀን እንደ አዲስ አስጀምሮ 60ውን ይቆርጥና 15ቱን ይቀንስልሃል፣ ያኔ የክፍያ ቀንህም ይቀየራል። ወደ ታች መውረድ ሲሆን አብዛኛው የሚያደርገው እስከ ዙሩ መጨረሻ ባለህበት አቆይቶ ከዛ ማውረድ ነው።

ከመልስ 17 እስከ 19 ከርዕሱ ወጣን። አንዱ ሲጀመር ለምን ትከፍላላችሁ ብሎ ተነሳ፣ ካን አካዳሚ ነፃ ነው፣ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤም.አይ.ቲ ኦፕን ኮርስዌርን እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ ካደረገ ጀምሮ የትምህርት ማቴሪያሉን በነፃ ለቋል፣ የምትከፍሉት ለወረቀት ነው አለ። ሌላኛዋ ወረቀቱ ሥራ እንዳስገኘላት ነግራ በነፃ ጀምሮ የጨረሰ ሰው አሳየኝ ብላ ሞገተችው፣ ገንዘብ ካልወጣበት ሰው አይጨርስም ባይ ናት። የመልስ 7 ሰውዬ እዚህ ላይ ተመልሶ መጣና ሁለቱንም ሰደባቸው። ቀኑን ሙሉ ሰርተፍኬት ይረባል አይረባም ሆነ ነገሩ፣ እኔ የጠየቅኩት ሌላ፣ ግን ማን ይሰማል።

መልስ 20 ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። መልስ 7 እንደሚለው ጥፋቱ ሁሉ የተጠቃሚው ቢሆን ኖሮ መንግሥታት ባልገቡበት ነበር አለች። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ኤቢሲማውስ የተባለውን የልጆች መማሪያ ባለቤት በራሱ የሚታደስ መሆኑን በደንብ ባለመንገሩና ካንስል ማድረግን በማክበዱ ከሶት ኩባንያው 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በ2025 ደግሞ ቼግ የተባለው የኦንላይን ትምህርት ድርጅት በተመሳሳይ የካንስል ጉዳይ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ጀርመን ከጁላይ 1፣ 2022 ጀምሮ በኦንላይን የሚገባ ውል በኦንላይን የሚቋረጥበት ግልጽ ቁልፍ እንዲኖረው አስገድዳለች። ቪዛም ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ነፃ ሙከራ ያላቸው ነጋዴዎች ገንዘብ ከመቁረጣቸው በፊት አስታዋሽ እንዲልኩ የሚል ደንብ አውጥቷል።

መልስ 21። የመልስ 7 ሰውዬ አሁንም እጁን አልሰጠም፣ ያው ኮሚሽን በ2024 ያወጣውን መግባት ቀላል የሆነውን ያህል መውጣትም ቀላል ይሁን የሚል ደንብ ፍርድ ቤት በጁላይ 2025 ሽሮታል ብሎ መለሰላት። ይሄ ልክ ነው። ልጅቷ ግን ደንቡ የተሻረው ኮሚሽኑ በአወጣጡ ሥርዓት ላይ ስለተሳሳተ ነው እንጂ ካንስልን ማክበድ ትክክል ነው ስለተባለ አይደለም አለችው፣ የቼግ ጉዳይም የተቋጨው ደንቡ ከተሻረ በኋላ ነው። ከዛ በኋላ ሰውዬው ጠፋ።

መልስ 22። ባንክ ሄደህ ክፍያውን አላውቀውም በልና ይመለስልሃል የሚል ምክር መጣ። ቀላል አድርጎ ነው ያቀረበው።

መልስ 23። ይሄን አታድርጉ አለ ጋሼ (መልስ 9)። የምታውቁትን ክፍያ አላውቀውም ማለት ውሸት ነው፣ ከዛም በላይ ፕላትፎርሙ አካውንታችሁን ሊዘጋው ይችላል፣ አካውንቱ ከተዘጋ የጨረሳችኋቸው ኮርሶችም ሰርተፍኬቶችም እዛው ይቀራሉ። መጀመሪያ ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ የክፍያውን ቀን፣ ከዛ ቀን በኋላ ምንም ቪዲዮ እንዳልከፈታችሁና የምትፈልጉት ምን እንደሆነ በሦስት መስመር ጻፉ። ሪፈንዱ እንደ ምርቱ ይለያያል፣ ዩዴሚ ላይ ለብቻው የተገዛ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን የመመለሻ ጊዜ አለው፣ ኮርሴራ ፕላስን (ብዙ ኮርስ በአንድ ክፍያ የሚከፍተውን ፕላን) በዓመታዊ የገዛ 14 ቀን አለው፣ በየወሩ የሚታደሰው ግን አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ማስመለስ ይከብዳል። እኔም በዚህ መሠረት ጽፌ ልኬያለሁ፣ ቁልፉ ላይ ወርሃዊ የሚለውን ስክሪንሾት አያይዤ።

መልስ 24። አንዲት ተማሪ ፖዝ (ለጊዜው ማቆም) የሚባለውን አነሳች፣ ፈተና ሲደርስባት ካንስል ከማለት ፖዝ ታደርገዋለች፣ ስትመለስ ግን የክፍያ ቀኗ ተቀይሮ ነው የጠበቃት፣ የቆመባቸው ቀናት ወደፊት ገፍተውታል። ሌላ ሰው በሱ ፕላትፎርም ፖዝ የሚጀምረው የአሁኑ ዙር ካለቀ በኋላ እንደሆነ ጻፈ። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት የሚቀጥለው ክፍያ ቀን የሚለውን እዩት፣ አካውንት ውስጥ ቢሊንግ የሚለው ጋ አለ።

መልስ 25። የመጨረሻው ሰው የመጣው ትናንት ማታ ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በግማሽ ዋጋ በሚል ኩፖን ገብቶ በሁለተኛው ወር ወደ ዓመታዊ መቀየር ይፈልጋል፣ ጥያቄው ያልተጠቀመበት አንድ ወር ቅናሽ ወደ ዓመታዊው ይዞራል ወይስ ይጠፋል ነው። መልስ 16 በገንዘብ የተከፈለው ቀሪ ቀን እንደሚታሰብለት ነግሮታል፣ ስለ ኩፖኑ ግን እስካሁን የመለሰለት የለም። ያደረገው ካለ ፕላትፎርሙን ጠቅሶ ይጻፍለት፣ ልጁ እስከ ዓርብ ድረስ ብቻ ነው ጊዜ ያለው።